አዲስ ቤት ገባችሁ? ቁልፋችሁ ስንት ሰው እጅ ላይ አለ?

ዛሬ ስለ ቤት ቁልፍ ልናወራ ነው። "ቁልፍ ደግሞ ምን ወሬ አለው?" እንዳትሉን። መነሻችን አንዷ ባልደረባችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ባልደረባችን ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ስትመለስ ቆልፋው የወጣችው በር ገርበብ ብሏል። ቀስ ብላ ገፋ ስታደርገው፣ አንዲት የማታውቃት ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንሶላ እየጠቀለለች ነው። ሴትዮዋ ከእሷ በላይ ደነገጠች። "ውይ የኔ እህት፣ አስደነገጥኩሽ! እኔ እኮ ከአንቺ በፊት እዚህ የነበርኩ ነኝ። ምጣዴን ረስቼ ነው። ለባለቤቱ ስደውልለት ቁልፉ ካለሽ ግቢና ውሰጂ ብሎኝ ነው" አለቻት።

እውነቷን ነበር። አከራዩም ሲጠየቅ "አዎ፣ ምን ችግር አለው? ጨዋ ልጅ ናት" አለ። የጠፋ ነገር የለም። ሴትዮዋም ቁልፉን አስረክባ፣ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። ባልደረባችን ግን የዚያን ቀን ማታ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ ነው የተኛችው። አንድ ቁልፍ ተመልሷል፤ ሌላ ስንት እንዳለ የሚነግራት ሰው ግን አልነበረም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ አንድ ቁልፍ ነበረው። ሚስቱ ወይም ደባሉ ሌላ። እህቱ ከክፍለ ሀገር መጥታ ስድስት ወር ተቀምጣ ከነበረ ለእሷም ተቀርጾላታል። ተመላላሽ ሠራተኛ ከነበረች እሷም ጋ አለ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ደላላው ለሰው የሚያሳይበት ይሰጠዋል፤ እሱ ካልተመቸው ለሌላ ደላላ ያቀብላል። ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን ይዞት አድሯል። አከራዩ ደግሞ "ለክፉም ለደጉም" ብሎ አንድ ያስቀራል። በየሰፈሩ ጥግ ቁልፍ ቀራጭ አለ። ማሽኑ ላይ አስሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀርጽላችኋል፤ የማን ቤት ቁልፍ እንደሆነም አይጠይቅም። ስለዚህ አከራይ "ይኸው ሁለቱም ቁልፍ" ብሎ ሲያስረክባችሁ፣ የሰጣችሁ እሱ እጅ ላይ ያለውን ነው እንጂ እስከዛሬ የተቀረጸውን ሁሉ አይደለም።

"እኔ ተከራይ አይደለሁም፣ የገዛሁት ቤት ነው" የምትሉም አትዝናኑ። ሴራሚክ ያነጠፈው፣ ኤሌክትሪክ የዘረጋው፣ ጂፕሰም የሠራው፣ ቁምሳጥን የገጠመው ሁሉ በዚያው በር ሲገባ ሲወጣ ነው የከረመው። እንዲያውም ፊኒሺንግ ላይ የከረመ ቤት ቁልፉ ከተከራየ ቤት በላይ የዞረ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች እንጀራቸውን የሚያበስሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግን ማን ለማን እንዳቀበለው እነሱም አያውቁትም።

መፍትሔው ብዙ ሰው ከሚያስበው ይልቅ ቀላል ነው። በሩን መቀየር አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁልፉን ከነእጀታው መቀየርም አያስፈልግም። የሚቀየረው ሲሊንደሩ ብቻ ነው፤ ማለትም ቁልፉን የምታስገቡባት ያቺ ትንሽ የነሐስ ክፍል።

ለምን እሷ ብቻ እንደምትበቃ ለመረዳት ውስጧን ማየት ይጠቅማል። ሲሊንደሯ ውስጥ በትንንሽ ሞላ የሚገፉ ጥቃቅን ዘንጎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ናቸው። የእያንዳንዳቸው ርዝመት ይለያያል። የቁልፋችሁ ጥርስ ወጣ ገባ ያለው ለጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዷ ጥርስ አንዱን ዘንግ በልኩ ከፍ ታደርገዋለች። ሁሉም ዘንጎች በአንድ መስመር ሲሰለፉ መሀሉ ይዞራል። አንዱ እንኳ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጥንት ግብፆች ከእንጨት ይሠሩት የነበረ ቁልፍም በዘንግ ነው የሚሠራው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ጠፍጣፋ ቁልፍና ሲሊንደሩን አሻሽሎ ፓተንት ያወጣበት ደግሞ ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ። እንግዲህ ሲሊንደሩን ስትቀይሩ የዘንጎቹን አሰላለፍ ቀየራችሁ ማለት ነው። በደላላውም በቀለም ቀቢውም ኪስ ያለው ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተራ ብረት ይሆናል።

አቀያየሩን እንንገራችሁ፤ አንድ ካቻቢቴ ይበቃል። በሩን ክፈቱና ጠርዙን፣ ማለትም ምላሱ ብቅ የሚልበትን ጎን እዩ። እዚያ ባለው ረጅም ብረት ላይ፣ በቁልፍ ማስገቢያው ትይዩ አንዲት ብቸኛ ብሎን ታገኛላችሁ። ከላይና ከታች ያሉት ብሎኖች ሙሉ ቁልፉን የያዙ ስለሆኑ እነሱን አትንኩ። ብቸኛዋን ፈታችሁ አውጧት፤ ረጅም ናት። ከዚያ ቁልፉን አስገቡና በጣም ትንሽ፣ ከሩብ ዙር ያነሰ፣ ዞር እያደረጋችሁ ሲሊንደሩን ሳብ አድርጉት። ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚታገለው። ሲሊንደሩ መሀል ላይ ምላሱን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ጉጥ አለች። ጉጧ ከሲሊንደሩ ጋር ካልተስተካከለች አይወጣም። በመዶሻ መምታት የለም! ቁልፉን ግራ ቀኝ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ስትስቡት፣ ጉጧ ስትስተካከል ራሱ ይለቃል።

የወጣውን ሲሊንደር ይዛችሁ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሂዱ። በባዶ እጅ ሄዳችሁ "የበር ቁልፍ ስጠኝ" ካላችሁ የማይገጥም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ እኛም ደርሶብናል። የሚለካው ርዝመቱ ነው። መሀሉ ላይ ካለችው የብሎን ቀዳዳ ጀምራችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለየብቻ ትለካላችሁ። 30 በ30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ 35 በ35 ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ጎን 30 ሌላው 40 የሆነም አለ። ይሄ ልኬት የመግጠም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲሊንደሩ ከበሩ ውጭ ብዙ ብቅ ካለ ሌባ የሚይዝበት አገኘ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ሲሊንደር ደካማ ቦታው መሀሉ ነው፤ ብሎኗ የምታልፍበት ቀዳዳ ብረቱን ያሳሳዋል። ስለዚህ በውጭ በኩል ከእጀታው ብረት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ፤ ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ አይውጣ።

ሲገዛ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን እዩ። ውስጡ ያሉትን ቁልፎች ቁጠሩና ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። በእጅ ከፍ አድርጋችሁ መዝኑት፤ በጣም ቀላል የሆነ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ነሐስ አይደለም። ዋጋው ሳምንት በሳምንት ስለሚቀያየር እዚህ ቁጥር ጽፈን አናሳስታችሁም። ግን ሲሊንደር ብቻ መግዛት ሙሉ ቁልፍ ከነእጀታው ከመግዛት ይረክሳል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ክፍት እንዳለ፣ በሁሉም አዲስ ቁልፎች ከውስጥም ከውጭም አዙራችሁ ሞክሩ። ዘግቶ መሞከርና ውጭ መቅረት የሚገርም ነገር አይደለም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቤታችሁ የገጠማችሁት ከቻይና ወይም ከቱርክ የመጣ ጠንካራ የብረት በር ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ በሮች ሁለት ዓይነት ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ወይም ሁለቱ ለገጣሚዎችና ለፊኒሺንግ ሠራተኞች የሚሰጥ ነው። ሌሎቹ ታሽገው ለባለቤቱ የሚቀመጡ ናቸው። የታሸገው ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ሲዞር የሠራተኞቹ ቁልፍ መሥራት ያቆማል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በሠራተኞቹ ቁልፍ ዓመት ይኖራል፤ የታሸገው ፌስታል ውስጥ እንዳለ። በሩን ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት፤ የታሸገውንም ሥራው ሳያልቅ ለማንም አትስጡ።

ሲሊንደር የሌለው በርስ? ግቢ ውስጥ ባሉ ሰርቪስ ቤቶችና በድሮ ቤቶች ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው፣ ቁልፉም ዘንጉ ረዘም ብሎ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ዓይነት አሁንም ሞልቷል። ያለ ምንም ማጋነን፣ ያ ቁልፍ ለውጭ በር አይሆንም። የጥርሱ ቅርጽ ብዙ ስለማይለያይ የጎረቤታችሁ ቁልፍ የእናንተን በር ሊከፍት ይችላል። እዚህ ላይ ሲሊንደር ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ወይ ሙሉ ቁልፉ በሲሊንደር ዓይነት ይቀየራል፣ ወይ ከላይ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመራል። ለዚህ አናጺ ወይም በያጅ ያስፈልጋችኋል።

አከራይን ሳይጠይቁ መቀየር ይቻላል ወይ ትሉ ይሆናል። እኛ የምንመክረው በግልጽ ተነጋግራችሁ፣ በጽሑፍ አድርጋችሁ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመንም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። 2 ዓመት ሙሉ ማን እጅ ላይ እንዳለ በማታውቁት ቁልፍ ከምትኖሩ፣ ውሉ ሲጻፍ ሁለት መስመር ብታስጨምሩ ይሻላል፦ ስንት ቁልፍ እንደተረከባችሁ፣ እና ሲሊንደሩን በራሳችሁ ወጪ ቀይራችሁ ስትወጡ የድሮውን መልሳችሁ እንደምትገጥሙ። አከራዩ ምንም አይጎድልበትም። "እኔ ጋ አንድ ቁልፍ መኖር አለበት" የሚል አከራይ ያጋጥማል። ሐሳቡ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የተከራየ ቤት የተከራዩ መኖሪያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ሲደነግግ መኖሪያ ቤትንም ይጨምራል። ቁልፉን መስጠት ግድ ከሆነ በፖስታ ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርማችሁበት ይቀመጥ። ፖስታው የተከፈተ እንደሆነ ይታወቃል። አከራዩ "ጋሼ" የምትሏቸው ትልቅ ሰው ከሆኑም አትፈሩ፤ "ጋሼ፣ እርስዎን ሳይሆን ከእኔ በፊት የነበሩትን ነው የፈራሁት" ብትሏቸው ብዙዎቹ ይገባቸዋል። የባልደረባችን አከራይ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የተስማማው።

አሁን ወደ በሩ ራሱ እንመለስ፤ ምርጥ ሲሊንደር ደካማ በር ላይ ገጥሞ "ጨረስኩ" ማለት አይቻልም። የምላሱ መግቢያ ብረት፣ ማለትም ፍሬሙ ላይ ያለችው ቀዳዳ ያላት ብረት፣ ብዙ ጊዜ በሁለት አጫጭር ብሎኖች ነው የምትያዘው። በእንጨት ፍሬም ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ብሎን አንድ ጠንካራ እርግጫ አይችልም። እነሱን አውጥቶ በ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ብሎን መተካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎኑ የሚነክሰው ነገር ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ፊሸር ይግባበት። ማጠፊያውንም እዩት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያው ከውጭ ይታያል ማለት ነው፤ መሀሉ ያለው ዘንግ ተመትቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በያጅ ነካ አድርጎ ያስረው።

ጓጉንቸር የምትጠቀሙም አላችሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከዋናው በር ፊት የብረት ፍርግርግ በር ማስበየድ የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ችግሩ ጓጉንቸሩ ወፍራም ሆኖ የሚንጠለጠልባት ቀለበት የቀጠነች ስትሆን ነው። ሌባ ጓጉንቸሩን ትቶ ቀለበቷን ይቆርጣል። ደግሞ በውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር "ሰው የለም" ብሎ የሚናገር ማስታወቂያ ነው። በያጁን ቁልፉ ከውስጥም ከውጭም እንዲከፈት አድርጎ በሩ ውስጥ እንዲቀብረው ንገሩት።

ይሄን ሁሉ ስንል ግን አንድ ነገር ከሌባም በላይ ያስፈራናል። መስኮቱ በፍርግርግ ታጥሯል፣ በሩ በሁለት ቁልፍ ተቆልፏል፣ ፍርግርጉ ላይ ጓጉንቸር አለ። ሌሊት እሳት ቢነሳስ? ጭስ በሞላበት ቤት፣ መብራት በጠፋበት፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መፈለግ በጣም ከባድ ነው። ልጆችን ወይም የቤት ሠራተኛን ከውጭ ቆልፎ መሄድም በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ይሄ ይቅር። ሲሊንደር ስትገዙ ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ በእጅ የሚዞር ጉጥ ያለው አለ፤ ለመኝታ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። በሩ መስታወት ያለው ከሆነ ግን መስታወቱን ሰብሮ እጅ ማስገባት ስለሚቻል አይሆንም። ያኔ ተራውን ገጥማችሁ አንድ ቁልፍ ከበሩ ቅርብ፣ ግን ከመስታወቱ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ሚስማር ላይ ስቀሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ቦታውን ይወቁት። ቁልፍን ከውስጥ ሲሊንደሩ ላይ ሰክቶ መተኛትም ሁለት ገጽ አለው። ለመውጣት ይፈጥናል፤ ነገር ግን በብዙ ሲሊንደሮች ላይ ከውስጥ ቁልፍ ካለ ከውጭ አይከፈትም። ከሰል አጭሶ የተኛ ሰው ራሱን ቢስት ጎረቤት በትርፍ ቁልፍ ገብቶ ሊያወጣው አይችልም።

በነገራችን ላይ በሩን ገጭ አድርጎ መዝጋት መቆለፍ አይደለም። ስትዘጉት ራሱ የሚገባው ምላስ አንድ ጎኑ የተንሸራተተ ስለሆነ ተገፍቶ ይመለሳል። ቁልፉን ስታዞሩ የሚወጣው አራት ማዕዘኑ ምላስ ነው የሚቆልፈው። ሁለት ጊዜ የሚዞር ከሆነ ሁለቱንም አዙሩ፤ ሱቅ ደርሳችሁ ለመመለስም ቢሆን።

የቁልፍ ፎቶ ነገር ደግሞ እኛን ሶሻል ሚዲያ ላይ ያለነውን በቀጥታ ይነካል። ሰው ቤት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ቁልፉን በጣቱ አንጠልጥሎ "ተመስገን" ብሎ ይለጥፋል። ደስታችሁ ደስታችን ነው፤ ግን ቁልፉን አታሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ያሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ 60 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ከጣሪያ ላይ በካሜራ አንስተው፣ ከፎቶው ብቻ የጥርሱን ልክ አውጥተው ቁልፉን መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያ የዛሬ ስንት ዓመት ነው፤ የዛሬ ስልክ ደግሞ ከቅርብ ምን ያህል ጥራት እንዳለው ታውቁታላችሁ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ጥርሱን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ወይም በሩን አንሱ።

ትርፍ ቁልፍ ስታስቀርጹ ከኦርጅናሉ አስቀርጹ። ከተቀረጸ ቁልፍ የተቀረጸ፣ ከዚያም ከእሱ የተቀረጸ ሲሆን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል፤ መጨረሻ ላይ ይነክሳል፣ ወይም ሲሊንደሩ ውስጥ ይሰበራል። ማሽኑ ጋ ቆማችሁ ጠብቁ፤ "ነገ ና" ለሚል ቀራጭ ቁልፍ ትታችሁ አትሂዱ። ከምንጣፍ ሥር፣ ከአበባው ማሰሮ ሥር፣ ከቆጣሪው ሳጥን ላይ ማስቀመጥ የለም፤ እነዚህን ቦታዎች የማያውቅ ሌባ የለም። የምታምኑት ጎረቤት ወይም ዘመድ ጋ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር ግን አትጻፉ። ሲሊንደሩ አቧራ በልቶ እምቢ ሲል የምግብ ዘይት አታፍሱበት። ዘይቱ አቧራውን ይይዘውና ከወር በኋላ ይብሳል። የእርሳስ ዱቄት ቁልፉ ላይ ቀብቶ ማስገባት የተሻለ ነው።

ባልደረባችን ሲሊንደሯን የቀየረችው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ በወንድሟ ካቻቢቴ። የድሮው ሲሊንደር ከሁለቱ ቁልፎች ጋር በፌስታል ታስሮ ቁምሳጥኗ ውስጥ፣ ከኪራይ ውሉ ጋር ተቀምጧል። ቤቱን ስትለቅ መልሳ ትገጥመውና አዲሱን ይዛ ትሄዳለች፤ የሚቀጥለው ቤት በር ልኩ አንድ ዓይነት ከሆነ እዚያ ይገጠማል።

እናንተስ አዲስ ቤት ስትገቡ ቁልፍ ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ያጋጠማችሁን በኮሜንት ጻፉልን፤ የቤት ቁጥራችሁን ሳትጠቅሱ ብቻ።